ለአጥር የመረጥኩት አበባ ወራሪ መሆን አለመሆኑን ከመትከሌ በፊት እንዴት ላረጋግጥ?

ጠያቂ (ከቢሾፍቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በግቢዬ ዙሪያ የአበባ አጥር ለመትከል አስቤ ወደ አንድ ችግኝ መሸጫ ብሄድ፣ ሻጩ በአንዱ ዘለላ ላይ ቢጫና ሮዝ አበባ አንድ ላይ የሚያወጣ፣ ውኃ ብዙም የማይሻና ከብት የማይደፍረው ቁጥቋጦ አሳየኝ። ስሙን ብጠይቀው «የፈረንጅ አበባ ነው» ከማለት አላለፈም። ለ40 ችግኝ ቀብድ ከፍዬ ሦስቱን ይዤ ከተመለስኩ በኋላ ግን ጎረቤቴ «ይህ ወራሪ እንዳይሆን» ብለው አሳሰቡኝ። በምን ላረጋግጥ?

መላሽ (ከድሬዳዋ)፦
አገላለጽዎ በእኛ አካባቢ የወፍ ቆሎ የሚባለውን ላንታና ካማራን ይመስላል። ቅጠሉ ሲዳሰስ የሚሻክር፣ ሲታሽ ኃይለኛ ሽታ የሚሰጥ፣ ግንዱ አራት ማዕዘንና እሾሃማ፣ ፍሬውም ሲበስል የሚጠቁር ከሆነ ጥርጣሬዎ ይጠንክር። ከብት አለመድፈሩን ሻጩ እንደ ምስጋና መቁጠሩ ይገርማል፤ ተክሉ መርዛማ ስለሆነ፣ ረሃብ አስገድዷቸው የበሉት ከብቶች ጉበታቸው ይጎዳል፣ ፀሐይ ሲያገኛቸውም ቆዳቸው ይቆስላል።

ሌላ አባል፦
በወላጆቼ ግቢ ይህ አበባ ለዓመታት አጥር ሆኖ ሲኖር ከመስመሩ ሲወጣ አላየሁም። ነገሩ የተጋነነ አይመስላችሁም?

መላሽ (የዕፅዋት ባለሙያ)፦
ወንድሜ፣ ፍሬውን በልተው ዘሩን የሚያርቁት ወፎች ስለሆኑ፣ ወረራው የሚታየው እርስዎ በሚከረክሙት አጥር ላይ ሳይሆን በወንዝ ዳርና በግጦሽ መሬት ላይ ነው። ላንታና በዓለም ላይ እጅግ አስከፊ ከሚባሉት 100 ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ የገባ ሲሆን፣ ወደ ብዙ አገሮች የተወሰደውም ለጌጥና ለአጥር ተብሎ ነው። እምቦጭም ቢሆን በአበባው ውበት ምክንያት ከደቡብ አሜሪካ ወደ ብዙ አገሮች የተሰራጨ ተክል መሆኑን ጣናን ያየ ሁሉ ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ወደ ጠያቂው ስመለስ፣ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልግዎ ሳይንሳዊ ስሙ ነው፤ «የወፍ ቆሎ» የሚለው ስም ከአንድ በላይ ለሆኑ ዕፅዋት ስለሚሰጥ በእርሱ ብቻ ተመርኩዞ መፍረድ ያሳስታል። አበባውን፣ ፍሬውን፣ ግንዱንና የቅጠሉን ጀርባ ለየብቻ ፎቶ አንስተው እንደ ፕላንትኔት ባለ መተግበሪያ ይፈትሹ፤ ውጤቱን ግን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ አይውሰዱት። ለማረጋገጥ አበባ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ) ያሳዩ። ስሙ ከታወቀ በኋላ ካቢ (CABI) በተባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ድርጅት የወራሪ ዝርያዎች መረጃ ቋት ውስጥ ፈልገው፣ የአየር ጠባያቸው ከቢሾፍቱ ጋር በሚቀራረብ አገሮች ምን እንዳደረሰ ያንብቡ። ሻጩ «ይህኛው ዘር አያፈራም» ቢልዎት፣ ያደጉትን እናት ተክሎች ፍሬ ራስዎ ሳያዩ አይመኑ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ተመልሼ ሄጄ ከእናት ተክሉ ላይ ጥቁር ፍሬ አገኘሁ፤ እሾሁም ሽታውም እንደተባለው ነው። ሻጩ በቀብዱ ሌላ ችግኝ ልስጥዎ ብሎኛል። ምን ልውሰድ? ሦስቱንስ ምን ላድርጋቸው?

መላሽ (ከድሬዳዋ)፦
ሰንሰል ይውሰዱ፤ የአገራችን ተክል ነው፣ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከልም ይጸድቃል፣ አጥርነቱም የተመሰከረለት ነው። እሾህ ከፈለጉ ቀጋ ወይም አጋም ይጨምሩበት። ሦስቱን ችግኞች ከነሥራቸው ነቅለው አድርቀው ያቃጥሏቸው፤ ግንዱ እርጥብ አፈር ካገኘ ሥር ሊሰድ ስለሚችል ቦይ ውስጥ እንዳይጥሏቸው።