አስቸኳይ፦ የቢብ ፎርቹና የራስ ጅራት ተገነጠለ፣ ነገ መድረክ አለን (ሐዋሳ)

መድረክ ጀርባ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም አስቸኳይ ነው። ነገ 8 ሰዓት ላይ ለሰፈር ልጆች ትርኢት አለን። የቢብ ጅራት ከሥሩ ተገነጠለ። አንደኛው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ ሁለተኛው ግማሽ ድረስ ተቀዷል። ሱፐር ግሉ ተደርጎበት ነበር፣ ደርቆ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። በምን ልለጥፈው? የሚለብሰው ልጅ ልምምድ ላይ እየጠበቀኝ ነው። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ በሉ።

አሞራ ገደል፦
እህቴ፣ ቢብ ማነው? ጅራቱስ የምን ጅራት ነው? ስፖንጅ ነው፣ ጨርቅ ነው፣ ፕላስቲክ ነው? ሳናውቅ ምን እንበልሽ?

ሲኒማ ወዳድ፦
ማንነቱን እኔ ልመልስ። ቢብ ፎርቹና እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ ነው። ጃባ የሚባል የወንጀል አለቃ አለ። ታቱዊን በምትባል በረሃማ ፕላኔት ላይ ቤተ መንግሥት ሠርቶ የሚኖር፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ ግዙፍ ፍጡር ነው። ኮንትሮባንዲስቱ ሁሉ ለእሱ ነው የሚሠራው፣ ዕዳ ያለበት ሁሉ ከእሱ ነው የሚሸሸው። ቢብ ደግሞ የእሱ እልፍኝ አስከልካይ ነው። ፊቱ የገረጣ፣ ዓይኑ ቀይ፣ ጥርሱ ሹል ነው። ከጭንቅላቱ ሁለት ረጃጅም ጅራቶች ይወርዳሉ። ትዊሌክ የሚባለው ዘር ሁሉ መለያው ይህ ነው። ጅራቱ ከሌለ ቢብ የለም፣ ስለዚህ ጭንቀቷ ይገባኛል።

ቶሎ ቶሎ፦
ሱፐር ግሉ ድገሚበት። ብዙ አድርጊበት፣ ይይዛል።

መድረክ ጀርባ፦
ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። ስፖንጅ ነው፣ የፍራሽ ስፖንጅ። ላዩ ቀለም ተቀብቷል። ኮፍያ ላይ ነው የተለጠፈው። ጅራቱ ከልጁ ወገብ በታች ይደርሳል።

የአቶቴ ልጅ፦
እኔ የማይገባኝ፣ ለአንድ ተራ ጋሻ ጃግሬ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድነው? ሻሽ ጠምጥሙለትና ይውጣ። ሰው የሚያየው ጃባን ነው። ለጃባ የሚሆን ጊዜያችሁን በአሽከሩ አታባክኑ።

መድረክ ጀርባ፦
ወንድሜ፣ ትርኢቱን የሚከፍተው እሱ ነው። መጋረጃው ሲነሳ ጃባ አይታይም። ሁለቱ ሮቦቶች በሩ ላይ ይመጣሉ፣ ከጨለማው ወጥቶ የሚቀበላቸው ቢብ ነው። ልጆቹ ያንን ፊት አይተው ካልፈሩ፣ በኋላ ጃባ ሲወጣም አይፈሩም። ደግሞ ልጁ «ትንሽ ቦታ ተሰጠኝ» ብሎ አላኮረፈም። አረማመዱን፣ የእጁን አያያዝ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮ ላይ ማንሾካሾኩን ከእኔ በላይ አጥንቶታል። በሻሽ አላወጣውም።

ሲኒማ ወዳድ፦
ልክ ብላለች። ስለዚህ ሰውዬ ትንሽ ልጨምር። ቢብ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሲዋጋ አናየውም። ለዱላው ሌሎች አሉ፤ አሳማ የሚመስሉት ዘበኞች አሉ፣ ቅጥረኞቹ አሉ። የእሱ ሥልጣን ሌላ ነው። ማን ይገባል፣ ማን ደጅ ይጠናል፣ የትኛው ወሬ አለቃው ጆሮ ይደርሳል፣ እሱን ቢብ ነው የሚወስነው። ሮቦቶቹ መልእክት ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ «ለእኔ ስጡኝ» የሚላቸው እሱ ነው። እነሱ ለጃባ ብቻ ነው ብለው እምቢ አሉ እንጂ።

ቀጥሎ ሉክ የሚባለው የፊልሙ ጀግና ይመጣል። ቢብ ሊመልሰው ይሞክራል። ሉክ አእምሮውን በኃይሉ ይይዘውና ቢብ ራሱ እየመራ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ጃባ ያን ሲያይ ይናደዳል፣ «አእምሮህ ደካማ» ብሎ ሰድቦ ይገፈትረዋል። እዚያ ጋ ነው የአገልጋዩ ኑሮ የሚታየው። ሰውን ሁሉ በር ላይ ሲያስፈራራ ይውላል፣ አለቃው ፊት ግን አንዲት ስህተት ታዋርደዋለች። ለሚጫወተው ልጅ ይህን ንገሪው። ፊቱ ላይ ኩራቱም ፍርሃቱም አብረው መታየት አለባቸው።

ቶሎ ቶሎ፦
ሱፐር ግሉ ባለ ሁለት ቱቦውን ግዢ። የሚቀላቀለውን። እሱ ብረት ይይዛል።

ሶፋ ሰሪው፦
እባካችሁ ሱፐር ግሉ አትበሏት። እህቴ ስሚኝ፣ ሥራዬ ስፖንጅ ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ጠጣር ይሆናል፣ ስፖንጅ ደግሞ ይታጠፋል። ልጁ አንገቱን ባዞረ ቁጥር የደረቀው ቦታ ጠርዙ ላይ ስፖንጁን ይቀደዋል። የተገነጠለውም ለዚህ ነው።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ የደረቀውን ሱፐር ግሉ በምላጭ ቆርጠሽ አውጪው። ንጹሕ ስፖንጅ እስኪመጣ ድረስ ቁረጪ። ትንሽ ቢያጥር ችግር የለውም። ቀጥሎ ማስቲሽ፣ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ቢጫውን። በሁለቱም በኩል ስስ አድርገሽ ቀቢ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ። ወዲያው ካጋጠምሽው ይንሸራተታል፣ አይዝም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አናፍሽው። በጣት ስትነኪው የማያረጥብ ሲሆን ያኔ አጋጥሚ። አንዴ ከነካካ አይላቀቅም፣ ስለዚህ መጀመሪያ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ጥብቅ አድርገሽ ጫኚው።

ማስቲሽ ብቻውን ግን ክብደቱን አይሸከምልሽም። ወገብ የሚደርስ ጅራት ከባድ ነው። ሰፊ ጥብጣብ ወይም ላስቲክ በጅራቱ ሥር ዙሪያ ስፊ፣ ሁለቱን ጫፍ በትከሻ አሳልፈሽ ብብት ሥር እንደ ቦርሳ ማንገቻ እሰሪው። ካባው ይሸፍነዋል። ሸክሙ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ኮፍያው ቅርጹን ብቻ ነው የሚይዘው። የልጁ አንገትም ያርፋል።

መድረክ ጀርባ፦
እግዜር ይስጥህ! ማስቲሽ ጎረቤት ጫማ ሰፊ ጋ አለ፣ ልኬያለሁ። ጥብጣቡም አለኝ።

ጋሼ ሀይቅ ዳር፦
ልጆቼ፣ ሥራችሁን አላጣጥልም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ለልጆች የወንጀለኛ አሽከር ማሳየት ምን ይጠቅማል? በሐዋሳ ልጅ አእምሮ ውስጥ የሌባ ቤት ደጅ ጠባቂ ምን ይሠራል? ከአባቶቻችን ተረት ስንት ጀግና መውሰድ ትችሉ ነበር። ልጅ ያየውን ነው የሚጫወተው።

እናት ነኝ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው። የእኛም ተረት ጅብና ቀበሮ አለው፤ ተንኮለኛው ከሌለ ልጆቹ ደጉን በምን ያውቁታል? የኔ ልጅ የወደደችው ሰውዬውን አይደለም። አለቃው ከሞተ በኋላ ምን ሆነ ብላ ነው ስትጠይቀኝ የከረመችው። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር።

ሲኒማ ወዳድ፦
መልሱ አለ። ጃባን ልዕልት ሊያ በታሰረችበት ሰንሰለት አንቃ ትገድለዋለች፣ መርከቡም በረሃው ላይ ይፈነዳል። ቢብ ግን ተርፏል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 በታየው ማንዳሎሪያን የሚባለው የስታር ዋርስ ተከታታይ ፊልም ሁለተኛ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ በጃባ ዙፋን ላይ ተቀምጦ፣ ወፍሮ እናገኘዋለን። ብዙም አይቆይ፤ ቦባ ፌት መጥቶ ተኩሶ ይገድለውና ዙፋኑ ላይ ይቀመጣል። ቦባ ፌትም ድሮ ለዚያው ለጃባ የሚሠራ ቅጥረኛ ነበር። ጋሼ፣ ልጆቹ ይህን ቢያዩ የወንጀለኛ ደጅ የሚያወርሰው ምን እንደሆነ ራሳቸው ይረዱታል።

ጋሼ ሀይቅ ዳር፦
እንዲያ ከሆነ ደህና። መጨረሻውንም አሳዩአቸው እንጂ ዙፋን ላይ ተቀምጦ አትተዉት።

አሞራ ገደል፦
ዙፋኑ ምቹ ከሆነ እኔም በር ጠባቂነቱን ልጀምር ነው 😄 እህቴ፣ ቀለሙስ? ስፖንጁ ሲታጠፍ አይሰነጠቅም?

ሶፋ ሰሪው፦
የግድግዳ ቀለም ከሆነ ይሰነጠቃል። ቆርጣ በለጠፈችው ቦታ ላይ ስቶኪንግ ብትስብበት ይሻላል። መገጣጠሚያውን ይደብቃል፣ ቀለሙም ላዩ ላይ ይይዛል፣ ሲታጠፍም አብሮ ይሳባል። ቀለሙን በስፖንጅ ቁራጭ ነካ ነካ እያደረገች ትቀባ እንጂ በብሩሽ አታወፍረው።

መድረክ ጀርባ፦
ማስቲሹ መጣ። አሁን ልቀባ ነው። የተገነጠለው ጋ ውስጡ ነጭ ፎም አለ፣ እሱንም ልቀባው አይደል?

ሶፋ ሰሪው፦
ቆይ! የምን ነጭ ፎም? ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው፣ ሲፈርስ ፍርፍር የሚለው ነው?

መድረክ ጀርባ፦
አዎ። ጅራቱ ቀጥ እንዲል ውስጡ ተከቶ ነው። መናገር ነበረብኝ እንዴ?

ሶፋ ሰሪው፦
በጭራሽ እንዳትቀቢው። ማስቲሽ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ያንን ፎም ይበላዋል። ሟሙቶ ጉድጓድ ይሆናል፣ ጅራቱም ውስጡ ባዶ ሆኖ ይታጠፋል። ጎትተሽ አውጪው። በቦታው የስፖንጅ ቁርጥራጭ ወይም ጥጥ ሙዪበት፣ አታጨናንቂው። ክብደቱም ይቀንሳል። የግድ ከፈለግሽው በፕላስተር ሙሉ በሙሉ ጠቅልለሽ መልሰሽ ክተቺው፣ ማስቲሹ እንዳይነካው።

ቶሎ ቶሎ፦
እኔ እኮ ሱፐር ግሉ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሶፋ ሰሪው፦
ወንድሜ፣ ሱፐር ግሉም ያንን ፎም ይበላዋል።

ፋርማሲ ያለሁት፦
ስለ ጤና ሁለት ነገር ልበል። ማስቲሹን ከቤት ውጭ፣ ከከሰልና ከማንኛውም እሳት ርቃችሁ ተጠቀሙ። ሽታው ራስ ያዞራል፣ እንፋሎቱም እሳት ይይዛል። ቶሎ እንዲደርቅ ብላችሁ በፀጉር ማድረቂያ አታሙቁት። ዛሬ ለጥፋችሁ ሌሊቱን ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ስቀሉት። ነገ ጠዋት ገና የሚሸት ከሆነ ለልጁ አታልብሱት። ጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ ስለሆነ ሽታው በቀጥታ አፍንጫው ውስጥ ነው የሚገባው።

ሁለተኛው፣ ለቀይ ዓይን ብላችሁ ከሱቅ ሌንስ እንዳትገዙ። በሐኪም ያልታዘዘ ሌንስ ዓይንን ይቧጭራል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል። ከሌላ ሰው ተውሶ ማድረግ ደግሞ ይብሳል። በዓይኑ ዙሪያ ቀይ የፊት ቀለም ይበቃል፣ ከመድረክ ርቀት ልዩነቱ አይታይም።

እናት ነኝ፦
ለፊቱስ? ገረጣ ያለ እንዲሆን የቤት ቀለም የሚቀቡ አይቻለሁና ፈራሁ።

ፋርማሲ ያለሁት፦
የቤት ቀለም ፊት ላይ ፈጽሞ አይቀባም። የፊት ቀለም ካላገኙ የበቆሎ ስታርችና የፊት ክሬም እኩል ቀላቅለው፣ ለማለስለስ ጠብታ ውሃ ይጨምሩበት። ቀለም ከተፈለገ የምግብ ቀለም በጣም ጥቂት ይበቃል። ከቀን በፊት ክንዱ ላይ ሞክሩት። ቀይ ከሆነ ወይም ካሳከከው ተዉት።

የአቶቴ ልጅ፦
እሺ፣ ስለ ሻሹ ያልኩትን ተዉት። ግን ለጥርሱ አንድ ነገር ላዋጣ። የብርቱካን ልጣጭ በሹሉ ቁረጡና ከንፈሩ ሥር ይክተተው። ልጅ ሆነን እንደዚያ ነበር የምንጫወተው፣ በጣም ያስፈራል። ችግሩ ሲናገር ይወድቃል።

መድረክ ጀርባ፦
ቢብ ብዙ አይናገርም፣ ያዋጣል! ፎሙን አወጣሁት፣ ስፖንጅ ሞላሁበት። አንደኛው ጅራት ይዟል። ጎትቼ ሞከርኩት፣ አልተላቀቀም። ሁለተኛውን አሁን እያናፈስኩ ነው። ጥብጣቡን ማታ እሰፋለሁ። ፎቶ አሳያችኋለሁ።

ሶፋ ሰሪው፦
ጎበዝ። ሁለተኛውን ግማሽ የተቀደደ ነው ብለሽ እንዳለ አትለጥፊው። እሱም ሱፐር ግሉ የነካውን ቆርጠሽ አውጪ።

ቀበሌ ቤት፦
ሰላም፣ ጥያቄውን ልጠምዝዘውና፣ እኛም አዳማ ላይ ጃባን ራሱን መሥራት አስበናል። እንዴት ነው የሚንቀሳቀሰው? አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ይበቃል?

ሲኒማ ወዳድ፦
በ1983ቱ ፊልም ላይ ጃባ ሰው የሚገባበት ትልቅ አሻንጉሊት ነበር። ውስጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ እጆቹን፣ አፉንና ምላሱን ያንቀሳቅሳሉ፣ ሦስተኛው ጅራቱ ውስጥ ነበር። ዓይኖቹን ደግሞ ከውጭ ሆነው በርቀት መቆጣጠሪያ ነበር የሚያንቀሳቅሱት። ለመድረክ ሁለት ሰው ይበቃችኋል። አንዱ ቀኝ እጅና አፍ፣ ሌላው ግራ እጅ። ጅራቱን ከውጭ በገመድ መሳብ ይቻላል።

ቀበሌ ቤት፦
አመሰግናለሁ። ስፖንጁስ ስንት ሴንቲ ውፍረት ይሁን?

ሶፋ ሰሪው፦
ለገላው 5 ሴንቲ ውሰድ፣ ከዚያ ከወፈረ አይታጠፍልህም። ለፊቱ ቀጠን ያለ፣ 2 ሴንቲ። ውስጡን በቀርከሃ ወይም በቀጭን እንጨት ቅርጽ ስጠው፣ ስፖንጁ ብቻውን ይሟሽሻል። ከኋላው የሚከፈት በር ተውለት። አዳማ ሙቀቱን ታውቀዋለህ፣ ልጆቹን ከ10 ደቂቃ በላይ ውስጡ አታቆያቸው። ውሃ አጠገባቸው ይኑር።