የፋሲካው ድስትና ቡቺ፦ ከማዕዳችን ለውሻ የማይሰጠው የትኛው ነው?

ጥያቄ (ከማራኪ)

ጤና ይስጥልን። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ሲሆን፣ ቡቺ የሚባል 12 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የአራት ዓመት ውሻ አለን። በፋሲካ ዕለት እንግዶች ከተሸኙ በኋላ እናቴ የዶሮ ወጡን ድስት በእንጀራ ጠርጋ ለቡቺ ሰጠችው፤ ከድስቱ ሥር የቀረው ቁሌት ብዙ ስለነበር ሳህኑን ልሶ አጸዳው። ሰኞና ማክሰኞ ምንም አልሆነም። ረቡዕ ግን በር ሲንኳኳ እንኳ ተነሥቶ አልጮኸም፤ ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ግድግዳው ሥር የሸናው ሽንት የጠቆረ ሻይ መስሎ አየሁት። ከንፈሩን ገልጬ ስመለከት ድዱ ነጥቷል።

አንድ ጎረቤታችን «ሽንኩርት ነው የጎዳው» አሉን። እናቴ በበኩሏ «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ውሻ ሁሉ ትራፊ በልቶ ነው ያደገው» ትላለች። ሽንኩርት በእርግጥ ውሻን ይጎዳል? ቢጎዳስ ሦስት ቀን ቆይቶ እንዴት ይታያል? ሌላስ ምን ልንከለክለው ይገባል?

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)

ወንድሜ፣ ከማብራሪያው በፊት ቡቺን ዛሬውኑ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው በመሆኑ ከተማችን ባለሙያ አላጣችም።

ጎረቤትዎ የተናገሩት እውነትነት አለው። በቀይ ሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በባሮ ሽንኩርት ውስጥ ያሉት ድኝ አዘል ውህዶች የውሻን ቀይ የደም ሴል ያበላሹታል፤ የተበላሸው ሴል ይፈርሳል፣ ከውስጡ የወጣው ቀለምም ከሽንት ጋር ሲወርድ እርስዎ ያዩትን ጥቁረት ይሰጠዋል። ሴሎቹ የሚፈርሱት በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ውሻው በበላበት ቀን ቢያስመልሰው ወይም ጭራሽ ምንም ባይታይበት እንኳ ድካሙ፣ የድዱ መንጣትና ማለክለኩ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ሰው በሽታውንና ምግቡን አያይዞ የማያየውም በዚሁ መዘግየት ምክንያት ነው።

በውሻ ደም ላይ ጉዳት ማድረስ የሚጀምረው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም የሚደርስ ቀይ ሽንኩርት ነው። በቡቺ ክብደት ሲሰላ 180 ግራም፣ ማለትም ሁለት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ይበቃል ማለት ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎና ከዚያም በላይ ሽንኩርት የሚከተፍበት ቤት ምን ያህል ከድስቱ ሥር እንደሚቀር እናትዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ቁሌቱ ለሰዓታት መቁላላቱ መርዙን አያጠፋውም፤ ውኃው ተኖ ስላለቀ እንዲያውም አንድ ጭልፋ ቁሌት ከአንድ ጭልፋ ጥሬ ሽንኩርት የበለጠ ይይዛል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በመጠን ሲነጻጸር ከቀዩ ይልቅ ይበረታል፤ ትል ያስወጣል ተብሎ ለውሻ መስጠቱ ሊቀር ይገባል።

ሆኖም ሳላስጠነቅቅ የማላልፈው ነገር አለ። በመዥገር የሚተላለፈው ባቤዢያ የተባለ የደም በሽታም ሽንትን ያጠቁራል፣ ድድንም ያነጣል። ሁለቱን የሚለየው በማይክሮስኮፕ የሚታይ የደም ናሙና ስለሆነ ሽንኩርት ነው ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ። ለሽንኩርት ማርከሻ የሚሆን መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው ሰውነቱ አዲስ ደም እስኪተካ ድረስ በፈሳሽ፣ በኦክሲጅን፣ ከጸናበትም ደም በመስጠት ማቆየት ነው።

መልስ (ከአራዳ)

ልጄ፣ እናትህ የተናገረችው ሐሰት አይደለም፤ ሁላችንም ያደግነው እንዲሁ እያየን ነው። ነገር ግን በዘወትር ቀን ለውሻ የሚደርሰው የደረቀ እንጀራና ጥቂት የሽሮ ልቅላቂ ነበር፤ የበዓል ድስት በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው። ከብዙ ዓመት በፊት እኛም ዘንድ አንድ ውሻ ከገና በኋላ ባለው ሳምንት ደክሞ ደክሞ ሞተ። ጎረቤት መርዝ አበላብን ብለን ከሰዎቹ ጋር ረጅም ጊዜ ተኳርፈን ኖርን። ሐኪሙ የጻፉትን ሳነብ ያን ሳምንት አስታወስኩ፤ የሞቱን ምክንያት ዛሬ ማረጋገጥ ባልችልም፣ ያለ ማስረጃ ሰው መጠርጠሬ እስከ አሁን ይቆጨኛል።

አሁን የማደርገውን ልንገርህ። ዶሮው በየብልቱ ተለይቶ ታጥቦ ወደ ቁሌቱ ከመግባቱ በፊት አንገቱንና ሌላውን ትርፍራፊ ለይቼ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም እቀቅላለሁ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ፈልቅቄም ከእንጀራ ጋር እሰጣለሁ። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ አጥንቱን አልጥልለትም።

ሌላው ዘቢብ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የምንወስደውን ዘቢብ ከዕጣኑ ጋር በፌስታል አድርገን ዝቅ ያለ መደብ ላይ የምናስቀምጥ ብዙዎች ነን። ልጄ የእንስሳት ጤና ስለተማረች ዘቢብም ሆነ ወይን የውሻን ኩላሊት እንደሚያቆም ነግራኛለች፤ አንዱን ውሻ ጥቂት ፍሬ ሲጥለው ሌላው ብዙ በልቶ ምንም አይሆንም፤ ስለዚህ ይህን ያህል ቢበላ አይጎዳም ብሎ መተማመን አይቻልም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2021 ወዲህ ሐኪሞች የሚጠረጥሩት በወይን ውስጥ ያለውን ታርታሪክ አሲድ መሆኑንም ነግራኛለች።

መልስ (ከአዘዞ)

እኔ ከቡናው ልጀምር። ከረከቦቱ ሥር የሚደፋው አተላ ሦስት ጊዜ በመፍላቱ ቢደክምም ካፌይኑ ፈጽሞ አይወጣለትም፤ የተቆላው ፍሬና ዱቄቱ ግን እጅግ ይብሳሉ። ካፌይንና በቸኮላት ውስጥ የሚገኘው ቴኦብሮሚን ከውሻ ሰውነት ቶሎ ስለማይወጡ ልቡን ያስሮጡታል፣ ያንቀጠቅጡታል፣ ሲበረታም ይጥሉታል። ከቸኮላት ጥቁሩና መራራው ከወተቱ ይልቅ አደገኛ ነው።

ለድፎ ዳቦ የተቦካ የስንዴ ሊጥም እንዲሁ ነው። እህቴ ቤት የነበረ ቡችላ ሊጡ ያደረበትን ገበቴ ክዳን ገፍቶ እኩሌታውን በልቶ፣ በማግስቱ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ አግኝተነዋል። ሊጡ በሞቀ ሆድ ውስጥ መኩፋቱን ይቀጥላል፣ እርሾውም አልኮል ያወጣል። የጠላ አተላን ለከብት የለመደ ሰው ለውሻም እንዳይሰጥ የምለው በዚሁ አልኮል ምክንያት ነው።

በአንዳንድ ቤት ምጣድ የሚታሰሰው በጉሎ ፍሬ ነው። ጉሎ ውስጥ ሪሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለ፤ ውሻው ፍሬውን ካኘከው ብርቱ ትውከትና ደም ያለበት ተቅማጥ ይከተለዋል። የጉሎውን ጨርቅ ከምድጃው አጠገብ መሬት ላይ አትተዉት። ዛይሊቶል የተባለ የስኳር ምትክ ያለበት ስኳር አልባ ማስቲካም የደሙን ስኳር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያወርደው ይችላል።

ደግሞም ውሻ መርዝ በላ በተባለ ቁጥር ጨው በጥብጦ ማጠጣትና ወተት መጋት ልማድ ሆኗል። ጨዉ ራሱ ይመርዛል፤ ወተቱም ከጠቀስናቸው የአንዱን እንኳ መርዝ አያረክስም። ይልቅ ምን እንደበላ፣ ምን ያህልና በስንት ሰዓት እንደበላ ጽፎ ለሐኪም መንገር ይሻላል። ከበላ ሁለት ሰዓት ካልሞላው ሐኪሙ ሊያስመልሰው ወይም መርዝ የሚመጥ የመድኃኒት ከሰል ሊሰጠው ይችላል።

ጠያቂው (ከስምንት ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያን ዕለት ከሰዓት ወስደነው ደሙ ታየ፤ ባቤዢያ አልተገኘበትም፣ ቀይ የደም ሴሎቹ ግን ሐኪሙ እንዳሉት ተበላሽተው ነበር። ደም መውሰድ ሳያስፈልገው ፈሳሽ እየተሰጠው ሦስት ቀን ተመላለስን። የሽንቱ ቀለም በአራተኛው ቀን ጠርቷል፤ ድዱ ገና ሙሉ በሙሉ ባይቀላም ትናንት ፖስተኛውን እስከ በር ድረስ ተከትሎ ጮኸበት።

እናቴ መልሶቻችሁን አስነብባኝ ሰምታለች። የአራዳዋ እናት የጻፉትን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ወዲህ ድስት በወጣ ቁጥር ወዲያው ውኃ ትሞላበታለች፤ ዘቢቡንም ቁም ሳጥኑ ላይ ከፍ አድርጋ አስቀምጣዋለች። አሁን የምትጠይቀው ለጰራቅሊጦስ ዶሮ ሲታረድ አንገቱ ስንት ደቂቃ እንደሚቀቀል ነው።