የኮሌጁን ክፍያ አባት ይክፈል ወይስ ልጁ?

የዘጌው አባት፦ ልጄ በ12ኛ ክፍል ፈተና ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አላመጣም። ባሕር ዳር በግል ኮሌጅ የሂሳብ አያያዝ ልማር ይላል። እኛ ዘንድ፣ በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ፣ ከጥንት በቆየ ልማድ በሬ አይጠመድም፤ እህሉን የምንሸምተው ቡና ሸጠን ነው። ክፍያውን ለመሙላት ከጫካው ዛፍ ቆርጬ መሸጥ ሊኖርብኝ ነው። ይህ የእኔ ግዴታ ነው ወይስ የእርሱ?

የተመረቀ ወጣት፦ የእርሱ ነው፣ አባቴ። 18 ዓመት የሞላው ሰው በሕግም አካለ መጠን የደረሰ ነው። እኔ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስማር የወጪ መጋራት ውል ፈርሜያለሁ። የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ደግሞ 15 በመቶውን ዛሬ ከደመወዜ በየወሩ እከፍላለሁ። ውሉን የፈረምሁት እኔ ነኝ፤ አባቴን ማንም አልጠየቀውም። ዕዳው በስሜ መሆኑን ማወቄ በትምህርቴ አትግቶኛል።

መምህርት ከባሕር ዳር፦ ወንድሜ፣ አንተን መንግሥት አስቀድሞ አብልቶ፣ አሳድሮ፣ አስተምሮ ነው በኋላ የጠየቀህ። የግል ኮሌጅ ግን ተማሪው ገና ሳይማር ክፍያውን ይጠይቃል። ደመወዝ የሌለው ልጅ ከየት ያምጣው? ባንክ ያለ ዋስና ያለ መያዣ በቀላሉ አያበድረውም። አስቀድሞ ሊከፍልለት የሚችል ከወላጅ ሌላ የለም። ስለዚህ አባቴ፣ አቅምዎ በፈቀደው ልክ ይክፈሉለት፤ እርሱ ደግሞ ሥራ ሲይዝ ታናናሾቹን ያስተምር። በብዙ ቤት ያየሁት ይህንኑ ነው፤ እኔንም ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ብቻ ገንዘብዎን ከመስጠትዎ በፊት ኮሌጁ በዚያ ትምህርት መስክ ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕውቅና እንዳለው ያረጋግጡ።

የዘጌ ተወላጅ፦ ጋሼ፣ ይክፈሉ፤ ዛፉን ግን እባክዎ አይንኩት! እናቶቻችን ማገዶ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር እያሻገሩ ሲሸጡ ያደግሁ ነኝ፤ ችግሩን አውቀዋለሁ። ቡናችን የሚኖረው በዛፉ ጥላ ነው። ጥላው ከተቆረጠ ለአንዱ ልጅ ከፍለው የሌሎቹን ቀለብ ይጨርሳሉ። ቀን ሠርቶ ማታ ይማር፤ ጎዶሎውን እርስዎ ይሙሉ።

የተመረቀ ወጣት፦ ክፍያው አስቀድሞ መጠየቁን አላሰብሁበትም ነበር፤ መምህርት ልክ ናቸው። ቢሆንም ስንት እንደሚሰጡት ከምዝገባው በፊት ቁጥሩን ይንገሩት።

የዘጌው አባት፦ የዘንድሮው ቡና ሲሸጥ ከቀለባችን የተረፈውን እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሠርቶ ይሙላ። እህቱ 9ኛ ክፍል ናት። እርሷን ለማስተማር ዛሬ ማታ በእናቱ ፊት ቃል ይገባልኛል።