የድሮ ቡና መጋዘን ግቢ ያለው ጉድጓዳችን ናፍታ ይሸታል፤ ምን እናድርግ?

የአወቱ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የምትኖረው ጅማ፣ ወደ አወቱ ወንዝ በሚያዘቀዝቅ ሰፈር ነው። ግቢው ድሮ ጀንፈል ቡና የሚቀሸርበትና በጆንያ የሚከመርበት መጋዘን ነበር። የመቀሸሪያው ሞተር የሚሠራው በናፍታ ነበርና በርሜሎቹ የሚደረደሩበት ጥግ ሲሚንቶው እስካሁን እንደጠቆረ ነው። የተቀበረ ታንከርም ነበር ይባላል፤ መውጣት አለመውጣቱን የሚያስታውስ ሰው አላገኘንም።

ጉድጓዱ በእጅ የተቆፈረ ነው፣ 11 ሜትር። አምና መጋቢት ላይ ውሃው ሲጎድል ባልዲው ቀስተ ደመና የሚመስል ቅባት ይዞ ወጣ። ጣቴን ነክሬ አሸተትኩት፤ ናፍታ ነው። እናቴ ውሃ አጋር ጨመረችበት፣ አፈላችውም፤ ሽታው ቤቱን ሞላው እንጂ አልለቀቀም። ክረምት ሲገባ በራሱ ጠፋ። ነሐሴ ላይ በሃይላንድ ቀድተን ስናስመረምር ጀርም የለበትም፣ ንጹሕ ነው ተባልን። ዘንድሮ የካቲት ሳያልቅ ተመለሰ። እናቴ ጉድጓዱን የሚጠርግ ሰው ለቅዳሜ ቀጥራለች። ቧንቧ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣልን፤ ጉድጓዱን መተው ቀላል አይደለም።

ቆፋሪው፦
ልጄ፣ ከሁሉ በፊት የቅዳሜውን ሰው አስቀሪው። 22 ዓመት ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ። የነዳጅ ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሰው ሲወርድ መጀመሪያ ራሱን ያዞረዋል፣ ከዚያ ገመዱን መነቅነቅ እንኳ ያቅተዋል። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ እንዲህ ሆኖብኝ በሦስት ሰው ጎትተን አወጣነው፤ እግዚአብሔር ነው ያተረፈው። እኛ አየር መኖሩን የምንፈትሸው ሻማ አውርደን ነው። ነዳጅ በሚሸት ጉድጓድ ውስጥ ግን ሻማ ማለት እሳት ማለት ነው፤ ማንም እንዳይሞክረው።

ሌላው፣ የጅማ ቀይ አፈር ሲቆፈር ጥቅጥቅ ያለ ስለሚመስል ሰው ምንም አያሳልፍም ይላል። አይደለም። የባሕር ዛፍ ሥር በበሰበሰበት ቦታ ከላይ የፈሰሰ ነገር እንደ ቱቦ ነው የሚወርደው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ፦
ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እህቴ፣ ሽታው በክረምት መጥፋቱ እንዳያዘናጋችሁ። የናፍታ አንዱ ሊትር 0.85 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ክረምት ውሃው ሲነሣ ናፍታው አብሮ ይነሣና በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። በጋ ውሃው ሲወርድ አፈሩ ከያዘው የተወሰነውን ይለቀውና ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። በየዓመቱ ውሃው ሲወጣና ሲወርድ ዙሪያውን ያለው አፈር ይቀባል። ለዚህ ነው ጠረጋ የማይጠቅማችሁ፤ ናፍታው የተቀመጠው አፈሩ ውስጥ ነው።

የነሐሴው ምርመራ ስለ ጀርም እንጂ ስለ ናፍታ የነገራችሁ ነገር የለም። አሁን፣ ውሃው በጎደለበት ሰዓት፣ እንደገና ቅዱ። በፕላስቲክ ሳይሆን በጠቆረ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ አንዲት አረፋ ሳትቀር አፉ ድረስ ሞልታችሁ፣ በበረዶ ይዛችሁ በቶሎ አድርሱ። ክፍት ቦታ ካገኘ የሚተነው ክፍል መንገድ ላይ ያልቃል። ላቦራቶሪውን የነዳጅ ሃይድሮካርቦን እንዲለካ በስም ጠይቁት። ነዳጅ ውስጥ ያለው ቤንዚን (benzene፤ መኪና የሚሞላው ቤንዚን ማለቴ አይደለም) የሚባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል፣ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር ከ0.01 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። እስከዚያ ለመጠጥም ለምግብም አትጠቀሙበት። ማፍላቱንም ተዉት፤ ትነቱን ወደ ቤት ማስገባት ነው።

ከዚያ ናፍታው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በመስመር ያልተደረደሩ ሦስት ጉድጓዶች ምረጡ። ማንም ሳይቀዳ በአንድ ጠዋት ከአፋቸው እስከ ውሃው ለኩ፤ የአፋቸውን ከፍታ ግንበኛ በውሃ ልክ ቱቦ ያገናኝላችኋል። ውሃው ዝቅ ወዳለበት ነው የሚፈሰው። እናንተ ጋ ወደ አወቱ ይመስለኛል፣ ግን ለኩት።

ሕግ አዋቂ፦
የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አንብቡ። የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። በአንቀጽ 11 ደግሞ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ፍርድ ቤት መሄጃው 60 ቀን ነው፤ አቤቱታው የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም አስመቱ።

የአወቱ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሰውየውን አስቀረነው። ዛሬ ማታ ጎረቤቶቻችን ጋ ዞርኩ። ከኛ በላይ ያሉት ምንም አይሸታቸውም። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ግን ባልዲዋን አምጥታ አሸተተችኝ፤ ያው ነው። የዝገት ሽታ መስሏት ሦስት ልጆቿን ስታጠጣ ከርማለች። ለዛሬ ከቤታችን ሮቶ ሁለት ጄሪካን የቧንቧ ውሃ ሰጠኋት። ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሦስቱንም ጉድጓዶች አብረን እንለካለን።