ያልተከፈተ የሞርጋን ዶላር ጥቅል ገዛሁ፤ ልክፈተው ወይስ ልመልሰው? (ጊዜው ነገ ማታ ያበቃል)

አዲስ ሰብሳቢ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ፈጠን ብላችሁ መልሱልኝ። ጥቅሉ ዛሬ ጠዋት በፖስታ ደርሶኛል፤ እስካሁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን እየዞርኩት ነው። ሻጩ «ከተከፈተ አልቀበልም» ብሏል። ሳይከፈት መመለስ የምችለው ደግሞ እስከ ነገ ማታ ብቻ ነው። ውስጡ 20 ሞርጋን ዶላር (የድሮ የአሜሪካ ባለ አንድ ዶላር የብር ሳንቲም) በወረቀት ተጠቅልሎ አለ፤ የሻጩ አያት በ1930ዎቹ ከባንክ አውጥተው ያስቀመጡት፣ ከዚያ ወዲህ የሰው እጅ ያልነካው ነው። በአንዱ ጫፍ 1889 የሚል ዓመት፣ በሌላው ጫፍ ሁለት «ሲ» ፊደል በግልጽ ይታያል። ሁለት «ሲ» የካርሰን ሲቲ ሳንቲም መምቻ ቤት ምልክት ነው፤ እንግዲህ የካርሰን ሲቲው 1889 ነው ማለት ነው፤ እርሱ ብቻውን የከፈልኩትን ብዙ እጥፍ ያወጣል ይባላል። ባለቤቴ ግን ገና ፎቶውን አይታ «ተታለሃል» አለችኝ። ምን ላድርግ?

ባለሚዛን
ስንት ከፈልክ? በምን ከፈልክ? ጥቅሉ ስንት ግራም ይመዝናል? ይህን ሳትነግረን ልክፈት አልክፈት ማለት በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው። ለጊዜው አትክፈተው።

ሰርገኛ
መርካቶ ያደገ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ጆንያው ከአፉ ላይ ማኛ ጤፍ ነው፤ ቤት ገብቶ ሲገለበጥ ግን ሰርገኛ ይሆናል። ብልህ ገዢ ጆንያውን በሹል ቱቦ ወግቶ ከመሐል ያወጣና መዳፉ ላይ ያየዋል። የአንተ ጥቅል ግን ሁለት አፍ አለው፣ የሚወጋበት ቦታ ደግሞ የለውም። እንኳን ደስ አለህ።

ብርሃን
ማግኔት አስጠጋበት። ከሳበው ሐሰተኛ ነው።

የዴንቨሩ
ወንድሜ፣ ከማግኔቱ በፊት አንድ ነገር ልብ በል። በሞርጋን ዶላር ላይ ዓመቱ የሚጻፈው ሴትዮዋ ባለችበት ፊት ነው። የመምቻ ቤቱ ምልክት ግን በጀርባው፣ ከንስሩ ሥር፣ ከቅጠሉ ጉንጉን በታች ነው። አንተ በአንዱ ጫፍ ዓመቱን፣ በሌላው ጫፍ ምልክቱን አየህ። ሁለቱ ጫፎች ሁለት የተለያዩ ዶላሮች ናቸው! በመካከላቸው 18 ሌሎች አሉ። አንዱ ዶላር 1889 ነው፤ ሌላው ካርሰን ሲቲ ነው። የካርሰን ሲቲውን 1889 የሠራኸው አንተ ነህ፣ በጭንቅላትህ።

የፊላደልፊያው 1889 ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል፤ ምንም ምልክት የለውም፤ ተራ ነው። ካርሰን ሲቲ ደግሞ ከ1882 እስከ 1884 ባሉት ዓመታት በየዓመቱ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ መትቷል፤ ብርቅ የሚባል አይደለም። ብርቁ የካርሰን ሲቲው 1889 ሲሆን 350,000 ብቻ ነው የተመታው። ሻጩ ሁለቱን ተራ ነገሮች በሁለት ጫፍ አስቀምጦ ድምሩን ለአንተ ተወልህ። ማስታወቂያውን መልሰህ አንብበው፤ «የካርሰን ሲቲ 1889 አለ» የሚል ቃል በየትም አታገኝም ብዬ እወራረዳለሁ።

አዲስ ሰብሳቢ
አነበብኩት። «ጫፎቹን ራስዎ ይመልከቱ» ነው የሚለው። እንዴት እንዳላየሁት!

አንጋፋው
ልጆቼ፣ በሳንቲም መታለል ለእኛ አዲስ አይደለም። ጠገራ ብር የምንለው ማርትሬዛ ሁሉም 1780 ይላል፣ መቼም ይመታ መቼ፤ ቪየና እስከ ዛሬ በዚያው ዓመት ትመታዋለች። ስለዚህ ባላገሩ ዓመቱን ማየት ትቶ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች በጣቱ እየነካ ይቆጥር ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ፍርፋሪ ነው። በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ፓሪስ ያስመቱት ብር መጣ፤ በእርሱም ላይ 1889 የሚል አለ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለት ነው። እኔ ዘንድ አንድ ከአባቴ የቀረ አለ፣ አንበሳው ባንዲራ እንደያዘ...

ሰርገኛ
ጋሼ፣ ካርሰን ሲቲና ፓሪስ በ1889 እንዳይጋጩብን እንጂ! ጠያቂው እኮ እስከ ነገ ማታ ነው ጊዜ ያለው።

አንጋፋው
ቸኩሎ የገዛ ሰው ተረጋግቶ ቢያዳምጥ ምን ይጎዳዋል?

የቤት እመቤት
የሻጩን ገጽ ገብቼ ተመለከትኩት። ባለፉት ሁለት ወራት የሸጣቸውን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ጥቅል ነው። ሁሉም «ያልተከፈተ»፣ ሁሉም «የአያቴ»፣ ሁሉም ጫፍ ላይ አንድ የሚያጓጓ ነገር አላቸው። ሰውየው ስንት አያት ነበረው?

ሌላም አለ። ማንም ካላየው፣ ጫፉ ላይ ያለው ሁልጊዜ የሚፈለገው ዶላር የሆነው እንዴት ነው? ሃያ ዶላር እንደ ዕድሉ ቢጠቀለል አብዛኛውን ጊዜ ጫፍ ላይ የሚወጣው ተራው ነው።

ብዙአየሁ
እኔ ግን አልስማማም። ሁሉም ጥቅል ውሸት አይደለም። አጎቴ ከባንክ የወሰደው የግማሽ ዶላር ጥቅል ውስጥ የ1964ቱን፣ የኬኔዲ ምስል ያለበትን የብር ግማሽ ዶላር አግኝቷል።

ባለሚዛን
ብዙአየሁ፣ አጎትህ በአሥር ዶላር የአሥር ዶላር ጥቅል ነው ከባንክ የወሰዱት። ባያገኙ መልሰው ባንክ ያስገቡታል፤ የሚያጡት ነገር የለም። ይህኛው ሃያ ዶላር የተጻፈበትን ጥቅል በስንት እንደገዛው ገና አልነገረንም። ደግሞም ሞርጋን ዶላሮች በግምጃ ቤትም በባንክም በብዛት የሚቀመጡት አንድ ሺህ በሚይዝ የሸራ ከረጢት ነበር። ጫፉ የታጠፈውን የወረቀት ጥቅል ዛሬ ማንም ሰው ቤቱ ይሠራዋል፤ የድሮ ባንክ ስም የታተመበት ወረቀትም፣ ጫፉን የሚያጥፈው መሣሪያም በመስመር ላይ ይሸጣሉ። ወረቀቱ ያረጀ መሆኑ ውስጡ ያረጀ መሆኑን አይመሰክርም።

ጠያቂ፣ ወረቀቱን ከቅርብ ፎቶ አንሣልን። ክብደቱንም።

አዲስ ሰብሳቢ
ፎቶው ይኸው። በወጥ ቤት ሚዛን 531 ግራም ነው፣ ከነወረቀቱ። የከፈልኩት 2,400 ዶላር ነው።

ማስተዋል
ማግኔት ብታስጠጋበትስ?

የቤት እመቤት
ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት! ከባንኩ ስም በታች አድራሻው አለ፤ ከከተማውና ከግዛቱ ቀጥሎ አምስት አኃዝ ተጽፏል። ያ የፖስታ መለያ ቁጥር ነው። አሜሪካ ባለ አምስት አኃዙን የፖስታ መለያ የጀመረችው በሐምሌ 1963 ነው። በ1930ዎቹ የተጠቀለለ ወረቀት ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣውን ቁጥር ከየት አመጣው? አያትየው ነቢይ ካልነበሩ በስተቀር ሻጩ ዋሽቷል። ይህን ለማረጋገጥ ደግሞ ጥቅሉን መክፈት አያስፈልግህም።

ሰርገኛ
ባለቤትህን ይቅርታ ጠይቃት። ከዚያ ወደ ሻጩ ሂድ።

ባለሚዛን
እመቤቲቱ ጨረሰችው። ስለ ክብደቱ ልጨምር። አንድ ሞርጋን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ያልተበላ ሲሆን 26.73 ግራም ነው፤ ሃያው 534.6 ይሆናል። መሐሉ በአይዘንሃወር ዶላር ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ (ከሞርጋን በኋላ የመጣ የአሜሪካ ባለ አንድ ዶላር ሳንቲም ነው፤ ስፋቱ ከሞርጋን ጋር እኩል 38.1 ሚሊሜትር ነው፣ ብር የሌለበት ተራው ግን 22.68 ግራም ብቻ ይመዝናል) ጥቅሉ 462 ግራም አካባቢ ይሆን ነበር። የአንተ 531 ስለሆነ ውስጡ ብር ሳይሆን አይቀርም፤ ወረቀቱ ሲቀነስ ግን ትንሽ ጎደል ይላል። ጫፎቹ የሚያብረቀርቁ ከሆነ የተበሉት መሐል ያሉት ናቸው ማለት ነው። ምናልባት 1921፤ እርሱ ከሁሉም በብዛት የተመታው ነው።

ሃያው አንድ ላይ 15 ከግማሽ ትሮይ አውንስ ያህል ንጹሕ ብር አለው። በዛሬው የብር ዋጋ አባዛውና ከ2,400 ጋር አስተያየው። ልዩነቱ ለተስፋ የከፈልከው ነው።

ማግኔት ለምትሉት፦ ማግኔት የሚይዘው ብረት ያለበትን ሐሰተኛ ብቻ ነው። ከመዳብና ከነሐስ የተሠራውን ዝም ይለዋል።

የዴንቨሩ
እንግዲህ አትክፈተው። ዛሬውኑ በገበያው (ጥቅሉን ባገኘህበት የመስመር ላይ መሸጫ) በኩል «ዕቃው እንደ ተገለጸው አይደለም» የሚለውን መርጠህ አቤቱታ አስገባ። የፖስታ ቁጥሩን ፎቶ፣ የሻጩን «በ1930ዎቹ» የሚለውን ጽሑፍና የሚዛኑን ፎቶ አያይዝ። «ከተከፈተ አልቀበልም» የሚለው ማስታወቂያው ሲዋሽ ብዙም አያስጥለውም። ከሻጩ ጋር ያለህ ንግግር ሁሉ በጽሑፍ፣ በገበያው ውስጥ ብቻ ይሁን፤ ስልክ ቢደውልልህ አታንሣ። ስትመልስም በፊርማ የሚረከብ አድርገህ፣ ጥቅሉ ሲታሸግ ሳይቋረጥ ቪዲዮ ቀርጸህ ላከው። አለበለዚያ «ከፍቶ ቀይሮብኛል» ይልሃል።

አዲስ ሰብሳቢ
አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። በገበያው በኩል አልከፈልኩም። ሻጩ «ከገበያው ውጪ ከጨረስን 150 ዶላር እቀንስልሃለሁ» ሲለኝ በፔይፓል «ለወዳጅና ለቤተሰብ» በሚለው ላክሁለት። ገንዘቡ የወጣው ከባንክ ሒሳቤ ነው።

ሰርገኛ
የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

የዴንቨሩ
ይህን በመጀመሪያው መስመር ነበር የምትጽፈው! ያ መንገድ የገዢ ጥበቃ የለውም፤ ለእናትህ ገንዘብ እንደላክህ ነው የሚቆጠረው። በመደበኛው ግዢ ወይም በክሬዲት ካርድ ብትከፍል ኖሮ የመሟገቻ መንገድ ነበረህ። የገበያው ጥበቃ በገበያው ውስጥ ለተከፈለ ብቻ ነው።

ቢሆንም አንድ ነገር በእጅህ አለ። መመለስ እንደምትችል እስከ ነገ ማታ ራሱ በጽሑፍ ቃል ገብቷል። አሁኑኑ «ሳይከፈት እመልሳለሁ፣ የምልክበትን አድራሻ ስጠኝ» ብለህ ጻፍለት፤ ቀኑና ሰዓቱ ይመዝገብ። ገንዘቡ ሳይመለስ ግን ጥቅሉን አትላክ ብዬ ነው የምመክርህ። እምቢ ካለ ለፖስታ ምርመራ አገልግሎት አመልክት፤ ዕቃው በፖስታ ስለመጣ በፖስታ የተፈጸመ ማታለል ሊሆን ይችላል። ለገበያውም አሳውቅ፤ ገንዘቡን ባያስመልስልህም ሻጮች ከውጪ ክፈሉ ማለታቸውን ብዙ ገበያዎች ይከለክላሉ።

የቤት እመቤት
እኔ በየዴንቨሩ ላይ አንድ ነጥብ እቃወማለሁ። ገንዘብህ በዚህ መንገድ ከሄደ ሻጩ ይመልሳል ብለህ አትቀመጥ። ዛሬ ጻፍለት፤ ነገ ማታ ዝም ካለ ሚዛኑን አጠገብ አድርገህ፣ የፖስታውን መለያ ወረቀት እያሳየህ፣ በአንድ ቪዲዮ ክፈተው። ብሩ ቢያንስ ብር ነው። እያንዳንዱን መዝን፤ ከ26 ግራም በታች የወረደ ካለ ለብቻው አስቀምጠው። ከቻይና የሚመጡ ሐሰተኛ ሞርጋኖች ብዙ ናቸው፤ ሕጉ ከ1973 ጀምሮ «ቅጂ» የሚል ምልክት ይኑራቸው ቢልም አጭበርባሪ ምልክት አያደርግም። አንድ የሚጠራጠሩት ከተገኘ በአካባቢህ ላለ የሳንቲም ነጋዴ አሳየው።

ብዙአየሁ
እሺ፣ ግን መሐል ላይ ሳይታወቅ የካርሰን ሲቲው 1889 ቢኖርስ?

ባለሚዛን
ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሃያውን አንድ በአንድ ሳያይ ጫፎቹን የመረጠ ሰው ያንን ትቶልህ ይሄዳል? የካርሰን ሲቲውን 1889 የፈለገ ሰው ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ በሚባሉት የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች ተመርምሮ በፕላስቲክ የታሸገውን ይግዛ። ቁጥሩንም በድርጅቱ ገጽ ላይ አስገብቶ ፎቶውን ከእጁ ካለው ጋር ያስተያይ፤ የፕላስቲኩን መያዣም የሚያስመስሉ አሉና።

አዲስ ሰብሳቢ
ጻፍኩለት። «አንብቧል» ይላል፣ መልስ የለም። ጥቅሉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ባለቤቴ ሚዛኑን ለዱቄት ትፈልገዋለች።

የቤት እመቤት (ከሦስት ቀን በኋላ)
ወንድሜ፣ ምን ሆነ? ከፈትከው?

ማግኔቱ (አዲስ አባል)
ሰላም። ሁሉንም አላነበብኩም፤ ግን ማግኔት ሞክራችኋል?

አንጋፋው
ያ የምኒልክ ብር አንበሳው ባንዲራ እንደያዘ ነው ብዬ ነበር ያቆምኩት። ከፈለጋችሁ እቀጥላለሁ።