ለእናቴ የባላንስ ስፖርት ቪዲዮ ስመርጥ በምን ልለይ?

የእማዬ ልጅ
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። እናቴ 72 ዓመቷ ነው፣ አዲስ አበባ ነው ያለችው፣ እኔ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ለፋሲካ ሰሞን ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ደጅ ላይ ድንጋዩ አዳልጧት ወደቀች፣ እግዚአብሔር ይመስገን አጥንቷ ደህና ነው ግን ከዛን ቀን ጀምሮ ፈርታለች፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነው የምትሄደው፣ ገበያ መውጣትም ትታለች። ሀኪሙ "የባላንስ ስፖርት ትስራ" ብሎ ሸኛት፣ እንዴት እንደሚሰራ ግን አላሳያትም። እኔ ከዚህ ሆኜ ዩቲዩብ ላይ እየፈለግኩ በቴሌግራም እልክላታለሁ፣ ግን ግራ ገባኝ። አንዱን ሚሊዮን ሰው አይቶታል፣ የምታሰራው ልጅ 25 ዓመት አይሞላትም፣ ፍራሽ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ አይኗን ትጨፍናለች። ሌላው "በ5 ደቂቃ ዳግመኛ አይወድቁም" ይላል፣ ሌላው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወንበር ላይ ቁጭ ተብሎ ነው። እሁድ ዕለት በቪዲዮ ኮል እያየኋት የልጅቷን ልሞክር ብላ በካልሲ ሴራሚኩ ላይ ቆመች፣ ተንገዳግዳ ቡፌውን ስትይዝ ልቤ ቀጥ አለች። እባካችሁ በምንድነው የምትለዩት?

ፊዚዮ ነኝ
እህቴ እንኳን ተረፉልሽ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ብዙ የምሰራው ከአዛውንቶች ጋር ነው። የቪው ብዛት ስለ ጥራቱ ምንም አይነግርሽም። እኔ መጀመሪያ የማየው የሚያሰራውን ሰው እጅ ነው። ድምፁን አጥፊና እጁን ተከታተዪ፣ ምን ይዟል? ምንም ሳይዝ ከጀመረ ለሳቸው የተሰራ አይደለም፣ ዝጊው። የሚይዘውንም ነገር እዪው፣ የፕላስቲክ ወንበር ከሰው ጋር አብሮ ነው የሚወድቀው፣ የኪችን ሲንክ ወይ ከባድ ጠረጴዛ ይሻላል።

ቁጭ ተብሎ ብቻ የሚሰራው ለጉልበትና ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል፣ መቆም ለማይችል ሰውም ጥሩ ነው፣ ባላንስ ግን የሚለመደው ቆመሽ ትንሽ ስትቸገሪ ነው። ጥሩ ቪዲዮ ደረጃ አለው፣ በሁለት እጅ ይዞ፣ ከዛ ባንድ እጅ፣ ከዛ በጣት ጫፍ፣ መጨረሻ ሳይያዝ። እግሩም እንደዛው ነው፣ መጀመሪያ ጎን ለጎን ተገጥሞ፣ ቀጥሎ አንዱ ግማሽ ወደፊት ወጣ ብሎ፣ ቀጥሎ የፊተኛው ተረከዝ የኋለኛውን ጣት ነክቶ ባንድ መስመር፣ መጨረሻ በአንድ እግር። እነዚህን አራቱን ለምርመራም እንጠቀምባቸዋለን፣ እያንዳንዱን 10 ሰከንድ፣ ሶስተኛውን 10 ሰከንድ መቆም ያልቻለ አዛውንት የመውደቅ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ሰው አጠገባቸው ቆሞ ይሞክሩትና የሚከብዳቸው ቦታ ላይ የሚጀምር ቪዲዮ ፈልጊ። ፍራሽ ላይ አይን መጨፈን ከአራቱም በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

"በ5 ደቂቃ" የሚለው ውሸት ነው። በ2019 የወጣው የኮክሬን (የህክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) ግምገማ 108 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ስፖርት መውደቅን በ23 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል ብሏል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን የሚመጣው ለወራት ሲሰራ ነው። ስም ካስፈለገሽ ኦታጎ ብለሽ ፈልጊ፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ለአዛውንቶች ቤት ውስጥ እንዲሰራ የተዘጋጀ ነው፣ በሳምንት 3 ቀን።

ሀበሻ 77
ይሄን ሁሉ ከምትጨነቂ ጠዋት ጠዋት ወክ ታድርግ፣ በቂ ነው።

ፊዚዮ ነኝ
ወንድሜ ወክ ለልብም ለስኳርም ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን መውደቅን አይከላከልም። ባላንሱ ሳይስተካከል ባልተስተካከለ መንገድ ላይ ፈጠን ብሎ መሄድ እንደውም ሊጥል ይችላል። ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ደግሞ ከስፖርቱ በፊት የግፊት መድሃኒታቸውን ሀኪም ይይላቸው።

ደሳለኝ የዳላሱ
እኔ አባቴ ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። ቪዲዮው ጥሩ ነበር ግን እንግሊዝኛ ነው፣ ስልኩን ዱካ ላይ ስለሚያስቀምጠው እየቆመ አንገቱን ደፍቶ ስክሪኑን ያያል፣ እያየ ሲዞር ይንገዳገዳል። ከዛ ምን አደረግን፣ ቪዲዮውን መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ያየዋል፣ ሲሰራ ስልኩ ይዘጋና እኔ በአማርኛ ቀድቼ የላክሁለትን ድምፅ ያደምጣል፣ "አባዬ ሲንኩን ያዝ፣ ተረከዝህን አንሳ፣ አንድ፣ ሁለት..." እያልኩ ቀስ ብዬ እቆጥርለታለሁ። ቶሎ ቶሎ የሚሄድ ቪዲዮ ከሆነ ተይው፣ እነሱ ለመድረስ ይሯሯጣሉ። ካልሲውንም አስወልቂያት፣ ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ ታድርግ።

የእማዬ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ እህቴ አጠገቧ ቆማ ሞከርን፣ ሁለቱን ያለችግር 10 ሰከንድ ቆመች፣ ሶስተኛው ላይ ቀኝ እግሯ ከፊት ሲሆን 8፣ ግራው ከፊት ሲሆን 4 ሰከንድ ላይ ሲንኩን ያዘች። የላክሁላትን ቪዲዮዎች ሁሉ ከቴሌግራም አጥፍቻለሁ፣ ድምፁንም ዛሬ ማታ እቀዳላታለሁ። ፊዚዮ፣ ግራው ከፊት ሲሆን ብቻ መድከሟ የወደቀችበት ጎን ስለሆነ ነው ወይስ መታየት አለባት?

ፊዚዮ ነኝ
የወደቁበት ጎን ከሆነ ፍርሃትም ህመምም ሊሆን ይችላል፣ በቪዲዮ አይለይም። ፊዚዮቴራፒስት ዳሌያቸውንና ቁርጭምጭሚታቸውን አንዴ በእጁ ይይላቸው፣ እስከዛ ሲንኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሁለተኛውን ይቀጥሉ።