የቺካጎ ሀውስ ፈር ቀዳጅን ሳገኝ ሸክላ እንዴት ላስፈርም?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የቺካጎ ሀውስን (በአሜሪካዋ ቺካጎ የተወለደውን የዳንስ ሙዚቃ) ከጀመሩት ዲጄዎች አንዱ የሚያጫውትበት ምሽት ላይ እገኛለሁ። ባለ 12 ኢንች ሸክላ ማስፈረም እፈልጋለሁ። መቼ ልጠጋው? በምን ይፈርምልኝ?

መልስ፦ የጆሮ ማዳመጫውን ባጠለቀበት ሰዓት በፍጹም እንዳትቀርበው፤ ቀጣዩን ሙዚቃ እያስማማ ነው። ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ ጠብቅ። አንድ ሸክላ ይበቃል፤ ቁልል ይዘህ ከሄድክ ነጋዴ ትመስላለህ።

መልስ፦ ዘይት ቀመስ የቀለም ማርከር ያዝ፤ ጥቁር ሽፋን ላይ ብርማው ያምራል። አስቀድመህ ነቅንቀህ ወረቀት ላይ ሞክረው፣ አለዚያ ቀለሙ ገና ሲነካ ይዘረገፋል። ፕላስቲኩን አውልቀህ ስጠው። ከተፈረመ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ሳትነካው ይድረቅ፤ ቶሎ ከመለስከው ፊርማው ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሽፋኑ መሃሉ ክብ ቀዳዳ ያለው ተራ ከሆነ የሸክላውን የወረቀት ሌብል አስፈርም፣ ግን በቀጭን ጫፍ። ቀለም መርፌው የሚሄድበት መስመር ውስጥ ከገባ ድምፁ ይንኮሻኮሻል።

መልስ፦ ጥያቄም አዘጋጅ እንጂ! ሰውዬው ዲጄ ፒየር ከሆነ፣ ቡድኑ ፊውቸር (Phuture) እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው የአሲድ ሀውስ (የሚያፏጭ ድምፅ ያለው የሀውስ ዓይነት) ሥራ ላይ፣ የሮላንድ ቲቢ-303ን (የኤሌክትሮኒክ ባስ ማሽን) ከትኦፍና ሬዞናንስ የሚባሉትን ድምፅ መቀየሪያ ቁልፎች እንዴት እያዞሩ እንደቀዱ ጠይቀው። ማሽኑ የተሠራው ባስ ጊታርን እንዲተካ ነበር፤ ያ የሚያፏጭ ድምፅ የወጣው ማሽኑ እየተጫወተ ቁልፎቹን ሲያዞሯቸው ነው።